«የለም» ያልንበት ደብተር

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን ይዣለሁ። የመጀመሪያው ቦታውን ስለፈጀው ለሌሎቹ አሳጥሬያለሁ። የቀራችሁ አትቀየሙኝ፤ ሱቄም ጠባቂ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። ደብረ ማርቆስ በአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ተቀጥሬ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለቤቱ ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ካዘዙኝ ውጭ አንድ ነገር ሳደርግ ካዩ ፊታቸው ይጠቁራል። «አንተ ሽጥ፣ መግዛቱን ለኔ ተወው» ነው የሚሉኝ። ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለአጎታቸው ተዝካር ቢቸና ሄደው አምስት ቀን ቆዩ። በሁለተኛው ቀን የአከፋፋዩ መኪና መጣና ሻጩ «ክሬም ብስኩት በካርቶን 150 ብር ቀንሷል፤ ዛሬ ካልወሰድክ ነገ የለም» አለኝ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ከመሳቢያው ከፍዬ 12 ካርቶን ወሰድኩ። ጋሼ ሲመለሱ ቅበላ ነበር። ሰኞ ጾሙ ገባ። ብስኩቱ ወተት አለበት፤ እስካሁን የወጣው ሁለት ካርቶን ብቻ ነው። ጋሼ አልተሳደቡም። የመሳቢያውን ቁልፍ ከአንገቴ አስወልቀው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አፌን ይዤ የተጠየቅኩትን ብቻ እሸጣለሁ። ሱቁ ውስጥ ግን ሊስተካከል የሚችል ስንት ነገር ይታየኛል። ዝም ልበል ወይስ ሌላ ሥራ ልፈልግ?

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም ቁልፍ በአንገቴ አንጠልጥዬ ያደግሁ ሰው ነኝና ያቺ ቁልፍ ስትወጣ አንገት እንዴት እንደሚቀል አውቀዋለሁ።

ጋሼህ ግን የተቀየሙት በብስኩቱ አይመስለኝም። የትንሽ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ብር ለሚያየው ስም የለሽ ይመስላል። ስም አለው። ይኼ የዘይት፣ ይኼ የኪራይ፣ ይኼ የእሑድ ዕቁብ ነው። እኔ ገንዘቤን እጄ ሳይነካው በልቤ ሦስት ጊዜ እመድበዋለሁ። ጋሼህም ተዝካሩ ላይ ጠላ ተቀድቶላቸው ሲቀመጡ ሐሳባቸው ያንን ብር ለዘይት፣ ለሽሮ፣ ለምስር ክክ ሲከፋፍል እንደነበር ልማልልህ እችላለሁ። ሁዳዴ ደጅ ላይ ቆሞ ባለሱቅ ሌላ ምን ያስባል? 55 ቀን ሙሉ አገሩ የሚበላው እሱን ነው። አንተ የጾሙን ብር ለፍስክ ዕቃ አዋልከው።

ሻጩንም ታዘብኩት። በቅበላ ሳምንት ወተት ያለበት ብስኩት በቅናሽ ይዞ የሚዞር ሰው ቸርነት ይዞት አይደለም፤ የራሱን መጋዘን እያራገፈ ነው። የቀን መቁጠሪያ እሱም ቤት ተሰቅሏል። ወደፊት «ዛሬ ካልወሰድክ» የሚል ቃል ስትሰማ «ለምን ዛሬ?» ብለህ ጠይቅ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስልኩስ? ለቅሶ ላይ ናቸው ብለህ ፈርተህ ይሆናል፤ ተዝካር ላይ ግን ስልክ ይነሣል። «ጋሼ፣ ክሬም ብስኩት ረክሶ መጥቷል፤ ልውሰድ?» ብትላቸው «ወተት አለው እንዴ?» ብለው በአንድ ቃል ይገላግሉህ ነበር። በራስ ተነሣስቶ መሥራት ማለት ባለቤቱ በሌለበት ባለቤት መሆን የሚመስላቸው ብዙ ልጆች አሉ። እኔ ሱቅ ውስጥ ካየኋቸው ጎበዝ ልጆች አብዛኞቹ ስልክ የሚያበዙ ነበሩ።

አሁን ወደቀሩት አሥር ካርቶኖች። ዛሬ ማታ ካርቶኑን ገልብጠህ የሚያበቃበትን ቀን እይ። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ከመደርደሪያ አውርደህ ደረቅ ቦታ፣ ከሳሙናና ከኦሞ አርቀህ አስቀምጠው። ብስኩት የሳሙና ሽታ እንዴት እንደሚጠጣ አንድ ጊዜ ከስሬ ተምሬዋለሁ። ቀኑ ቅርብ ከሆነ ግን ፋሲካን አትጠብቅ። ጾም ያልጀመሩ ሕፃናት ያሉበት ቤት አለ፣ ሙስሊም ደንበኞች አሉህ፣ መናኸሪያ አካባቢ መንገደኛ የሚገባባቸው ሱቆች አሉ። ለነዚህ ሱቆች በገዛህበት ዋጋ ልቀቅላቸው። ያ የ150 ብር ቅናሽ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅምህ፤ እነሱ በሙሉ ዋጋ ከሚገዙት አንተ ዘንድ ይረክስላቸዋል፤ አንተም ዋናህን ታነሣለህ። የሆነውን ደግሞ ጋሼ ሳይጠይቁህ ንገራቸው፦ «ሦስት ካርቶን በመግዣው ለቀቅኩ፣ ሰባት ቀርቷል፣ የሚያበቃው ሐምሌ ነው።» ይቅርታ አታብዛ። ቁጥሩን ንገራቸው።

ሱቁ ውስጥ ይታየኛል ወዳልከው ልምጣ፤ ደብዳቤህን የመረጥኩትም ለሱ ነው።

በ1985 ዓ.ም. እዚሁ ፍኖተ ሰላም ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ስቀጠር 17 ዓመቴ ነበር። በገበያ ቀን ገበሬው ከየገጠሩ ይመጣና ኮንጎ ጫማ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ 38 እና 39 ቁጥር መደርደሪያውን ሞልቶታል። ሰውየው ያንን በእርሻ የሰፋ እግሩን አንስቶ ያሳየኛል፤ 42 ካልሆነ አይገባለትም። «የለም» እላለሁ፣ ይሄዳል። ማታ ጌታዬ ሲጠይቁኝ «ኮንጎ አልተሸጠም» እላለሁ። እሳቸውም «ገበሬው ዘንድሮ ብር አጥሮታል» ይላሉ። ገበሬው ለካ ብሩን ቋጥሮ ነበር ከደጃችን የሚመለሰው።

አንድ ገበያ ላይ መልሼ መላልሼ «የለም» ማለት ሲሰለቸኝ የሳሙና ካርቶን ክዳን ቀደድኩና በከሰል መስመር ማስመር ጀመርኩ። ላንድ «የለም» አንድ መስመር። በአራት ገበያ 41 እና 42 ቁጥር ላይ 27 መስመር ተጠራቀመ። ክዳኑን ለጌታዬ ሰጠኋቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ምንም አላሉም፤ አዩት፣ አገላበጡት፣ ከሚዛኑ ኋላ ሰኩት። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ በመጣው ጭነት ውስጥ 24 ጥንድ ትልልቅ ቁጥር ነበረበት። በሁለት ገበያ 21ዱ ወጣ። «ጎበዝ» እንኳን አላሉኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ ጭነት ሊያዝዙ ሲሉ «ከሰልሽ ምን ይላል?» ማለት ጀመሩ።

የሽያጭ ደብተር የሸጥከውን ይነግርሃል። ገንዘቡን ይዞ ስለወጣው ሰው ግን አንድ ቃል አይተነፍስም፤ እሱን የሚያየው ከባንኮኒው ኋላ የቆመው የሱቅ ልጅ ብቻ ነው። ጋሼህ ሠላሳ ዓመት ቢነግዱም እዚያች ቦታ ላይ ዓይናቸው አንተ ነህ። ስለዚህ በራስህ ብር አንድ ደብተር ግዛ። ቀኑን፣ የተጠየቀውን ዕቃ፣ የጠየቀው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጻፍ፤ ተማሪ ነው፣ ገበሬ ነው፣ የጎረቤት እመቤት ናት። ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ ተማሪው የሚጠይቀውና በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው የሚጠይቀው አንድ አይደለም፣ ገንዘብ የሚያገኙበትም ወር አንድ አይደለም። የገበሬው ኪስ ጤፉና በርበሬው ተሰብስቦ ሲሸጥ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሞላል። ነሐሴ ላይ ያው ሰው ጨው በዱቤ ይጠይቅሃል። ደብተርህ ወሩን ካልያዘ ያታልልሃል።

ሌላም ማታለያ አለው። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢጠይቅ ሦስት ገዥ አይደለም። ዋጋ ለማወቅ ብቻ የሚጠይቅም አለ፤ የጎረቤት ባለሱቅ ልጁን ልኮ ያስጠይቃል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ስለዚህ «የለም» ካልክ በኋላ «ለማክሰኞ ባስመጣልህ ትወስዳለህ?» በል። አዎ ያለህን ክበብ አድርግበት። የሚቆጠረው ክበቡ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ከደብተሩ አንድ ዕቃ ብቻ ምረጥ። ጋሼን የምታናግረው ማታ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ገዥ ሳይገባ ስለ አዲስ ዕቃ ብታወራ ቀኑን ሙሉ ያልተሸጠው ባንተ ምክንያት ይሆናል። «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ በዚህ ወር 19 ጊዜ ተጠይቆ 11 ሰው እወስዳለሁ ብሏል፤ አንድ ካርቶን እንሞክር» በላቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሁልጊዜ በስድብ ነው፤ ለወረቀቱ ግን ትልቅ ጠባይ ነው። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ይከራከራል፣ ከወረቀት ጋር ግን ብዙ አይከራከርም።

አንድ ነገር አደራ። «ካልተሸጠ ከደሞዜ ይቆረጥ» እንዳትል። ወጣቶች ይህን ሲሉ ወኔ ይመስላቸዋል። ትርፉ የሳቸው፣ ኪሳራው ያንተ የሚሆንበት ውል ውል አይደለም። ሁለት ሦስት ሙከራ ከተሳካ በኋላ ይልቅ ልክ እንዲሰጡህ ጠይቅ፦ «እስከ 1,000 ብር ድረስ ሳልደውል እንድገዛ ይፍቀዱልኝ።» ያኔ ቁልፉ ወደ አንገትህ ይመለሳል፤ ባይመለስም የ1,000 ብር ቁልፍ ይዘሃል።

ለሙከራ ዕቃ ስትመርጥ ደግሞ በአንድ ፍሬ የሚገኘው ትርፍ አያማልልህ። የራሴን ላሳይህ። በ5,400 ብር ስድስት ፔርሙስ ገዛሁ እንበል፣ አንዱን በ900። በ1,150 ስሸጠው በአንዱ 250 ብር አተርፋለሁ፤ ደስ ይላል። ግን ስድስቱን ለመጨረስ ዓመት ይፈጅብኛል፤ የዓመት ትርፌ 1,500 ብር ነው። በዚያው 5,400 ብር ሦስት ካርቶን ሳሙና ገዛሁ፣ አንዱን በ1,800። ፍሬ በፍሬ ስሸጠው ከካርቶኑ 180 ብር ብቻ አገኛለሁ፤ ሦስቱ 540። ሳሙናው ግን በሁለት ሳምንት ያልቅና ያው ብር ተመልሶ ሌላ ሳሙና ይሆናል። በዓመት 26 ጊዜ ሲመላለስ 14,040 ብር አመጣ። ብሩ ያው ብር ነው፤ አንዱ መደርደሪያ ላይ ተኛ፣ ሌላው ሲሮጥ ከረመ።

ታዲያ ሱቁን ሁሉ ሳሙና አድርገው ማለቴ አይደለም። ስድስት ካርቶን ባመጣ ሰዉ ሁለት እጥፍ አይታጠብልኝም። ፔርሙሱም በጥር ለሠርግ ስጦታ የሚፈልገውን ሰው ያስገባልኛል፤ ያ ሰው ሲወጣ ስኳርም ሻይ ቅጠልም ይዞ ይወጣል። እኔ አሁን ፔርሙስ የማመጣው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ሁለት ብቻ።

ሌላ ሥራ ልፈልግ ወይ ላልከው፦ እስከ ሰኔ ደብተሩን ሙላ። ጋሼ ገልጠው ሳያዩ ወደ ጎን ከወረወሩት ሂድ። ደብተሩን ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሞጣ የሕፃናት ልብስ እሸጣለሁ። ሁልጊዜ በገዛሁበት ላይ 20 በመቶ ነው የምጨምረው። ለጥምቀት ሰው ይግባልኝ ብዬ ሁሉንም 20 በመቶ ቀነስኩ። ሰው ገባ፣ 40 ልብስ ሸጥኩ። ትርፌን ባላገኝ ዋናዬን አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ስቆጥር ጎደለብኝ። ልጄ ሰረቀችኝ ብዬ እንዳልጠረጥር ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን እንዳትነኪያት። የሰረቀሽ ሒሳቡ ነው። በ500 የገዛሽውን 20 በመቶ ጨምረሽ 600 አልሽው። ስትቀንሽ ግን 20 በመቶ የቀነስሽው ከ500 ሳይሆን ከ600 ነው፤ 120 ብር። ልብሱ በ480 ሄደ። በእያንዳንዱ 20 ብር፣ በ40ው 800 ብር ከኪስሽ ጨመርሽ። 20 በመቶ ቀንሰሽ ዋናሽን እንድታገኚ መጀመሪያውኑ 625 መሸጥ ነበረብሽ። ደግሞስ ለጥምቀት ምን ያስቀንሳል? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር ሰው ሊገዛ በመጣበት ሳምንት ዋጋ አይቀነስም። የሚቀነሰው በዓሉ አልፎ ቁጥሩ የተበተነው፣ አንድ አንድ የቀረው ላይ ነው።

ያ 500ም 500 መሆኑን እጠራጠራለሁ። ዕቃው ከመርካቶ ተጭኖ፣ አባይ በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ወጥቶ፣ በቢቸና ዞሮ ሞጣ እስኪደርስ የመኪና ኪራይ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ አንቺ ልትገዢ ስትሄጂ ያደርሽበት አልጋ አለ። ይህን ሁሉ በልብሱ ቁጥር አካፍለሽ በመግዣው ላይ ደምሪና ከዚያ በኋላ ትርፍ ጨምሪ።

እኔም ሞኝ የሆንኩበትን ልንገርሽ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ሰሞን፣ ድሮ የገዛሁት ዕቃ ነው፣ ዋጋ ብጨምር ግፍ ነው ብዬ ድስትና ፔርሙሱን ሁሉ በነበረበት ዋጋ ሸጥኩት። ሰዉ መረቀኝ። ብሬን ይዤ ጅምላ ስሄድ የሸጥኩትን ያህል መግዛት አቃተኝ፤ ሁለት መደርደሪያ ባዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የምተምነው በገዛሁበት ሳይሆን ተመልሼ በምገዛበት ዋጋ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሕሊናዬ ይቆረቁረኛል፤ ባዶ መደርደሪያው ግን የባሰ ይቆረቁራል።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ዳንግላ ሱቅ አለኝ። የቀጠርኩት ልጅ ከኔ ይቀድማል። ቴሌብር እንድንቀበል ያደረገው እሱ ነው፣ አሁን ደግሞ የደንበኞችን ዱቤ በስልኩ መዝግቦ ቀኑ ሲደርስ ያስታውሳቸዋል። ሥራው ያስደስተኛል። ግን ያሠለጠንኩት ልጅ ነገ ፊት ለፊቴ ሱቅ ይከፍታል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ጥቂት ጥቂቱን ልደብቀው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይከፍታል። የሚከፍትበትን ዓመት ማራቅ ግን በእጅዎ ነው። ቢደብቁት ያፋጥኑታል፤ የሚደበቅ ነገር ያለበት ሱቅ ውስጥ ጎበዝ ልጅ መጀመሪያ የሚያጠናው የተደበቀውን ነው። ያ የዱቤ መዝገብ በስልኩ ብቻ መሆኑ ግን ልክ አይደለም፤ በየሳምንቱ በእርስዎ ደብተር ይገልብጥ። ስልክ ይጠፋል፣ ልጅም ይታመማል።

የኔ ጌታ ከዚያ የካርቶን ክዳን በኋላ በመስከረም የደብተርና የእስክሪብቶውን መደርደሪያ ለቀቁልኝ። የሚገዛውን እኔ እመርጣለሁ፣ ገንዘቡን እሳቸው ያወጣሉ፣ ከዚያች መደርደሪያ ትርፍ ሩቡ የኔ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ጥቅምት እስኪያልቅ የሦስት ወር ደሞዜን የሚያህል አገኘሁ። ስምንት ዓመት ያቆየችኝ ያቺ መደርደሪያ ናት። እርስዎም አንድ መደርደሪያ ይስጡት፤ ሒሳቡ በወር አንድ ቀን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ይተሳሰብ። ዕቁብ ሲገባ ዋስ ይሁኑት። ዕቁቡ ደርሶት ሲወጣ ዕቃውን ከእርስዎ ጅምላ የሚወስድ ልጅ ቢሆን አይጠሉም።

ስለ መኮራረፉ ግን አልዋሽዎትም። በ1993 ዓ.ም. ከጌታዬ ሱቅ ሦስት በር ዝቅ ብዬ የራሴን ስከፍት ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈጉኝ። በለቅሶ ቤት እንኳን ፊታቸውን አዙረው ነው የሚቀመጡት። በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ አዲስ የቀጠሩት ልጅ እየሮጠ መጣ። «42 ቁጥር ኮንጎ አልቆብናል፣ ገዥው ቆሟል፣ ስድስት ጥንድ ላኪልኝ ብለዋል» አለኝ። ቆጥሬ ሰጠሁት። «ስንት ነው ልበላቸው?» አለ።

«በመግዣው» አልኩት።